ጀርባዋን ስለምታነሣው መኪና
(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበሩ የዛሬውን ምሽት ለእኔ ሲሰጠኝ ርእሱን ራሴ እንድመርጥ ፈቅዶልኝ ነበር። የመረጥሁትን ለጸሐፊያችን ባስታወቅሁት ጊዜ ግን «የመኪና ጀርባ? ለዚህ ነው አዳራሽ የምናዘጋጀው?» ብሎ ሳቀ። አልፈረድሁበትም። ከዚህ ቦታ ላይ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ አገር ዕድገት የተናገሩ ሰዎች ቆመዋል። እኔ ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ የምለው ነገር ቢኖር ባለፈው ክረምት ሰባት ሳምንት ሙሉ ከሥሯ ተኝቼ ያየኋትን አንዲት አሮጌ መኪና ነው። ስለማላውቀው ነገር አሳምሬ ከምናገር ስለማውቀው እየተንተባተብሁም ቢሆን ብናገር ይሻላል ብዬ መጣሁ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

መኪናይቱ በ1971 የተሠራች የፈረንሳይ ሲትሮኤን ናት፤ ዓይነቷ ዴ.ኤስ. 20 ይባላል። ፈረንሳዮች ሁለቱን ፊደላት አያይዘው ሲጠሯቸው «እንስት አምላክ» ከሚለው ቃላቸው ጋር አንድ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ስሙም ከዚህ የተነሣ ተወደደ። የመጀመሪያይቱ ዴ.ኤስ. በኦክቶበር 1955 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ላይ በተገለጠች ጊዜ በዚያው ቀን ብቻ ወደ 12,000 ሰው ለመግዛት ተመዝግቧል ይባላል። እስከ 1975 ድረስ ከ1,400,000 የሚበልጡ ተሠርተዋል። በኦገስት 22 ቀን 1962 ፕቲ ክላማር በተባለው ስፍራ በፕሬዚዳንት ደ ጎል ላይ ጥይት ሲዘንብ ያመለጡት በዚህች ዓይነት መኪና ነው፤ ጎማዎቿ ተበስተው እንኳ ሹፌሩ ሳይገለበጥ ነድቶ አውጥቷቸዋል። ስለ መልኳ ብዙ ተጽፏል፤ ሮላን ባርት የተባለው ደራሲ በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ሰጥቷታል። እኔ ግን ከመልኳ ይልቅ ከሆዷ በታች ያለውን ነው የማነሣው።

የእኛይቱ ዴ.ኤስ. ጡረታ የወጡ አንድ መምህራችን ንብረት ናት። ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ ብዙ ጊዜ ቆማ ነበር። «ልጄ፥ ይህች መኪና በፊት እንደ ጀልባ ትንሳፈፍ ነበር፤ በኋላ በኋላ እንደ ጋሪ እያንገላታች ወገቤን ጨረሰችው» አሉኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ሁለት ጊዜ አይቷት ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ «ዘይት ጎድሎባታል» ብሎ ሞላላቸው፤ በሁለተኛው ጊዜ «ቀጥ ብላ ከፍ ትላለች፥ ጤነኛ ናት፤ ያረጀው መንገዱ ነው» ብሎ መለሳቸው። መምህሩም ተስፋ ቆርጠው ለቁራሌ ሊሰጧት ሲሉ ነው እኔና ሁለት ጓደኞቼ የደረስነው። «ከክረምቱ ማለቂያ በፊት ካላስነሣናት ለቁራሌው ይስጧት» ብለን ተዋዋልን። የጋራዡ ሰዎች በሁለቱም ጊዜ ተሳስተው ነበር። እንዴት እንደ ተሳሳቱ ለመረዳት ግን መኪናይቱ በምን ላይ እንደ ተቀመጠች ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህች መኪና ባሌስትራ የላትም፤ ሞላም የላትም። እያንዳንዱ የኋላ ጎማ የተያዘው በኩሺኔታ ላይ በሚዞር ክንድ ነው። ጎማው ወደ ላይ ሲመታ ክንዱ አንዲት የብረት ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጊቱ በቺሊንድሮ ውስጥ ያለ ፒስቶን ትገፋለች፤ ፒስቶኑ ደግሞ ዘይት ይገፋል። በቺሊንድሮው ጫፍ ላይ የሕፃን ራስ የሚያህል የብረት ሉል በጥርስ ተጠምዶ ይገኛል። ሉሉ በውስጡ በጎማ ስስ ሽፋን ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በወዲያኛው በኩል ናይትሮጅን ታጭቆበታል፥ በወዲህኛው በኩል ዘይቱ ይገባል። ዘይት በግፊት አይጨመቅም፤ ናይትሮጅን ግን ይጨመቃል። ስለዚህ የመኪናይቱ ሞላ ያ የታሰረ ጋዝ ነው። ዘይቱ ወደ ሉሉ ሲገባና ሲወጣ በሉሉ አንገት ላይ ባሉ ጠባብ ቀዳዳዎች ማለፍ ግድ ስለሚሆንበት ፍጥነቱ ይገታል፤ በሌሎች መኪኖች አሞርቲዛተር የሚሠራውን ሥራ የሚሠሩት እነዚህ ቀዳዳዎች ናቸው።

ሁለተኛው ብልሃት ከፍታውን የሚያስተካክለው ነው። ሁለቱን የኋላ ክንዶች የሚያገናኝ አንድ ተጠማዛዥ ዘንግ አለ። ከእርሱ መካከል ቀጭን ሽቦ መሰል ብረት ተነሥታ ወደ አንዲት ትንሽ ሣጥን ትሄዳለች። ሦስት ሰዎች ከኋላ ሲቀመጡ መኪናይቱ ዝቅ ትላለች፤ ብረቲቱ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ተንሸራታች ትስበውና ከፓምፑ የሚመጣው ዘይት ወደ ቺሊንድሮዎቹ ይገባል፤ መኪናይቱም ወደ ቀድሞ ከፍታዋ ትመለሳለች። ሰዎቹ ሲወርዱ ትርፉ ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢሆን ኖሮ መኪናይቱ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ዘይት ስትቀበልና ስትለቅ ትውል ነበር። ስለዚህ ተንሸራታቹ በሁለት ጫፎቹ በዘይት ተከቦ በጠባብ ቀዳዳ ብቻ እንዲተነፍስ ተደርጓል፤ ጉድጓድን ቸል ይላል፥ የተቀመጠ ሰውን ግን ያውቃል። ዋናው ፓምፕ ዘይቱን እስከ 170 ባር ገደማ ይገፋዋል። የተራ መኪና ጎማ 2 ባር ገደማ መሆኑን አስታውሱ።

ይህን ያወጣው ፖል ማዤስ የሚባል የሲትሮኤን ሠራተኛ ነው። የመሐንዲስ ዲፕሎም አልነበረውም። መጀመሪያ የተሞከረውም ከኋላ ብቻ ነበር፤ በ1954 ትራክሲዮን በምትባለው አሮጌ መኪና የኋላ ጎማዎች ላይ ተገጥሞ ወጣ፥ በዓመቱ በዴ.ኤስ. አራቱንም ጎማዎች ያዘ። ሮልስ ሮይስ እንኳ በ1965 ላወጣት ሲልቨር ሻዶ ከፍታ የሚያስተካክለውን ክፍል በሲትሮኤን ፈቃድ ነው የተጠቀመው።

አሁን የሒሳብ ክፍል ጓደኞቼ ደስ እንዲላቸው ጥቂት ቁጥር ልጥራ። ብዙ ሰው «ይህች መኪና ብትጭናትም ባትጭናትም አንድ ዓይነት ትለሰልሳለች» ይላል። እኔም እንዲሁ እል ነበር፤ ሐሰት ነው። ከኋላ ያለው ክብደት ከ100 ወደ 144 አደገ እንበል። የጋዙ ግፊት 1.44 እጥፍ ይሆናል። በ1662 ቦይል ባሳተመው ሕግ መሠረት ይዘቱ በ1.44 ይከፈላል። የጋዝ ሞላ ጥንካሬ ግፊቱ ለይዘቱ ሲካፈል እንደሚገኘው ቁጥር ስለ ሆነ 1.44 በ1.44 ይባዛል፤ ከሁለት እጥፍ ጥቂት አለፈ ማለት ነው። ይህን ለክብደቱ አካፍለን ስኩዌር ሩት ስናወጣለት 1.2 እናገኛለን። ስለዚህ መኪናይቱ ስትጫን የምትነጥርበት ፍጥነት በ20 ከመቶ ይጨምራል፥ ትጠነክራለች። በብረት ሞላ ላይ የተቀመጠች መኪና ግን በዚያው ጭነት ወደ 0.83 ትወርዳለች፥ ትዝላለች፤ ጀርባዋም መሬት ለመሬት ይጎተታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ቤተ ሰቡንና ጓዙን ጭኖ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል።

ወደ ጋራዡ ስሕተት ልመለስ። ናይትሮጅን በጎማው ሽፋን ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ሾልኮ ይጠፋል፤ ይህ ጥፋት ሳይሆን የጎማ ጠባይ ነው። የኋላው ሉል ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 26 ባር ይሞላል፤ የፊተኛው ሞተሩን ስለሚሸከም ወደ 59 ይደርሳል። ከጋዙ እኩሌታው ከጠፋ በዚያው ግፊት ይዘቱ እኩሌታ፥ ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል። ጨርሶ ከጠፋ ፒስቶኑ የማይጨመቅ ዘይት ብቻ ይገፋል፤ ይኸውም ድንጋይ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ይሁን እንጂ መኪናይቱ ከፍ ማለቷን አትተውም! ከፍታውን የሚጠብቀው ዘይቱ እንጂ ጋዙ አይደለምና። ስለዚህ «ከፍ ትላለች፥ ጤነኛ ናት» ማለት ስለ ሉሉ ምንም የሚነግረን የለም። መመርመሪያው እጅግ ቀላል ነው። ሞተሩን አስነሥቶ፥ የከፍታውን እጀታ በተለመደው ቦታ አድርጎ፥ የኋላውን ጫፍ በሁለት እጅ መጫን ነው። ጤነኛይቱ ያለ ሥቃይ ዝቅ ትልልሃለች። የመምህራችን መኪና ግን ግድግዳ የመግፋት ያህል ነበረች።

ሌላው ስሕተት የባሰ ነበር። የማጠራቀሚያውን ክዳን ስንከፍት ዘይቱ ቡናማ ሆኖ አገኘነው፤ ሽታውም የፍሬን ዘይት ነው። ጓደኞቼ፥ ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። የቀድሞዎቹ ዴ.ኤስ. ቀይ ዘይት ይጠጣሉ፤ እርሱ ለፍሬን ዘይት ቅርብ ሲሆን ውኃ ከአየር ይስባል፥ ብረቱንም ያዝገዋል። በዚህ ምክንያት ፋብሪካው ከ1966 መኸር ጀምሮ በአውሮፓ ለሚሸጡት ኤል.ኤች.ኤም. ወደሚባለው አረንጓዴ የማዕድን ዘይት ዞረ፤ ሉሎቹንና ሌሎቹንም ክፍሎች ማንም እንዳይሳሳት አረንጓዴ ቀባቸው። የሁለቱ ጎሚኒዎች የተለያዩ ናቸው፤ የአንዱ ዘይት የሌላውን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፥ ያበሰብሰዋል። የእኛይቱ ሉል ገና ከአቧራው በታች አረንጓዴ ነበረ። ጨርቅ አንሥቶ አቧራውን የጠረገ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን የፍሬን ዘይት አይጨምርም ነበር። መምህሩ ለዚያ ዘይት ገንዘብ ከፍለውበታል።

ጎሚኒዎቹን፥ ሁለት የኋላ ሉሎችን፥ አረንጓዴውን ዘይትና የማጠቢያውን ዘይት ፈረንሳይ አገር ያለ የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ ላከልን፤ አረንጓዴው ዘይት ዛሬም ይሸጣል። ዕቃው እስኪደርስ ድረስ አንዱ ጓደኛችን «ሉሎቹን እኛው እንሙላቸው፤ ከብየዳው ክፍል ኦክሲጅን አለ» አለ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ኦክሲጅን በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ እሳት ሳይጠይቅ ይፈነዳል። ሐሳቡን ያቀረበው ልጅ ዛሬ እዚህ ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም፥ እርሱም ራሱ እየሳቀ ነው።

በእርሱ መሳቄ ግን አይገባም፤ የእኔ ጥፋት ከእርሱ ይበልጥ ነበርና። ያን ለመናገር ነው ዋናው መምጣቴ።

በሁለተኛው ሳምንት መኪናይቱን ከፍ አድርገን አቆምናት። የሥራ ክፍላችን ጠባቂ የሆኑት ጋሼ (ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፥ ሰማያዊ ካፖርት የሚለብሱት) ሁለት ካቫሌቶ ጎትተው መጡ። እኔ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ነበር። «ጋሼ፥ ሞተሩን አጥፍተነዋል እኮ፤ ፓምፑ ካልሠራ ግፊት የለም» አልኋቸው። እሳቸውም «አንተ ልጅ፥ ግፊት ከሌለ ማን ነው ታዲያ አሁን ይዞ ያቆማት?» ብለው መልሴን ሳይጠብቁ ካቫሌቶዎቹን ከአካሏ በታች አስገብተው አስጠጓቸው። እኔም የሽማግሌ ጥንቃቄ ነው ብዬ ዝም አልሁ። ጓደኛዬ ክንዱንና ትከሻውን ከኋላው ጎማ በላይ አስገብቶ የቱቦ ማያዣ ይፈታ ነበር። እኔ በወዲህ በኩል ሆኜ የሉሉን ቱቦ መጋጠሚያ አላላሁ።

ዘይቱ እንደ ጅራፍ ወጥቶ ግድግዳውን መታ። መኪናይቱም ወረደች። ሦስት ጣት ያህል ወርዳ በካቫሌቶዎቹ ላይ «ጓ» ብላ ቆመች። ጓደኛዬ አልጮኸም፤ ዓይኑን ብቻ ወደ እኔ አዞረ። በትከሻውና በብረቱ መካከል የቀረው ቦታ አንድ ደብተር የማያሳልፍ ነበር።

የጋሼ ጥያቄ መልስ ይህ ነው። ፓምፑ ቢቆምም በኋላው ቺሊንድሮ ውስጥ የተዘጋው ዘይት የመኪናይቱን ክብደት ተሸክሞ ይኖራል፤ ግፊቱን የሚፈጥረው ያ ክብደት ነው። ከላይ ያሰላሁላችሁን ሒሳብ እኔ በዚያን ቀን በቃሌ አውቀው ነበር። ግፊት በስፋት ሲባዛ ክብደትን ይሰጣል፥ ብዬ ለፈተና ጽፌዋለሁ። መጋጠሚያውን ስፈታ ግን እጄ ይህን አላወቀም ነበር።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መኪናይቱ ከፍ እንዳለች አካሏን በጠንካራ ካቫሌቶ መያዝ፤ በክሪክ ብቻ ማመን የለም። ቀጥሎ እጀታውን ወደ ታችኛው ቦታ ማውረድ፤ ያን ጊዜ የኋላው ዘይት ራሱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፥ ጎማዎቹም ከመሬት ይነሣሉ። በመጨረሻ ሞተሩን አጥፍቶ በግፊት ተቆጣጣሪው ላይ ያለችውን የማስተንፈሻ ብሎን አንድ ዙር ያህል ማላላት፤ የዋናው ማከማቻ ግፊት ሲወጣ የፉጨት ድምፅ ይሰማል። ፉጨቱ ሳያልቅ መፍቻ አይነሣም። የሚያፈሰውንም ቦታ በጣት መፈለግ ክልክል ነው፤ በዚህ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፥ ወዲያው ሐኪም ቤት ያስኬዳል።

የቀረው ትዕግሥት ብቻ ነው። የኋላው መከለያ በአንድ ብሎን ብቻ ተይዞ ስለሚገኝ በቀላሉ ይወልቃል፤ ሌሎች ፋብሪካዎች ይህን ቢማሩ ምን ነበረበት! ሉሉን በማነቂያ መፍቻ ማላላት፥ የማኅተሙን ጎሚኒ አዲስ አድርጎ ዘይት ቀብቶ ማስገባት፥ አዲሱን ሉል በእጅ ብቻ ማጥበቅ። በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ያሉት ትንንሽ ጎሚኒዎች ከተፈቱ ዳግመኛ አያገለግሉም። መጋጠሚያውንም በኀይል አለማጥበቅ ነው፤ ግፊቱ ራሱ ጎሚኒውን ገፍቶ ያጠብቀዋል፥ ጉልበተኛ ግን ቱቦውን ይሰብረዋል። የከፍታው ተንሸራታች በቤቱ ውስጥ ያለው ክፍተት በሺሕኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ስለ ሆነ ከጨርቅ የረገፈች አንዲት ክር ታስቸግረዋለች። እኛ ጨርቅን ጨርሶ ከለከልን፤ ጋሼ በንጹሕ ቤንዚንና በብሩሽ አጥበው በአየር ያደርቁ ነበር። የማጠራቀሚያውን ማጣሪያ ሦስት ጊዜ አጠብነው፤ በሦስተኛውም ጊዜ የበሰበሰ ጎሚኒ ፍርፋሪ ወጣ።

በስድስተኛው ሳምንት አረንጓዴውን ዘይት ሞልተን፥ የማስተንፈሻዋን ብሎን ዘግተን ሞተሩን አስነሣነው። ዴ.ኤስ. ስትነሣ ኋላዋ ይቀድማል፤ ልክ እንደ ግመል። መጀመሪያ ጀርባዋ፥ ጥቂት ቆይቶ ፊቷ ተነሣ። መምህሩ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር፤ ምንም አልተናገሩም፥ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ከፍታዋን ለማስተካከል ደግሞ አንድ ጊዜ ለክቶ መተው አይበቃም። ጀርባዋን በእጅ አንሥቶ ለቅቆ፥ ስትረጋ መለካት፤ ቀጥሎም ተጭኖ ለቅቆ፥ ስትረጋ መለካት ነው። በመተሻሸቱ ምክንያት ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም፤ መካከለኛው ነው የሚወሰደው። ካልተስተካከለ በተጠማዛዡ ዘንግ ላይ ያለችውን ማያዣ አላልቶ በጥቂቱ ማዞር ነው። በዚህ ብቻ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠፋን፤ ሁለታችን በቁጥሩ ተጣልተን ነበር፥ ጋሼ በገመድና በቋጠሮ ለክተው ገላገሉን።

መምህሩ በሰባተኛው ሳምንት ራሳቸው ይዘዋት ወጡ። ሲመለሱ የኋላውን ጫፍ በአንድ እጃቸው ተጭነው ዝቅ ስትልና ስትነሣ አዩ፤ ደግመውም ተጫኑ።

ሥራው ግን አላለቀም። የግራው ቺሊንድሮ የአቧራ መከላከያ ጎሚኒ አሁንም በጥቂቱ ያንጠባጥባል፤ የዘንጊቱ ጫፍም አዲስ ግራሶ ይፈልጋል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሥራ ክፍሉ እንከፍተዋለን። ከምሕንድስና ክፍል ውጭ ያላችሁም መምጣት ትችላላችሁ፤ አሮጌ ልብስ ልበሱ፥ የእጅ ሰዓትና ቀለበት አውልቁ። ካቫሌቶዎቹ በሩ አጠገብ ናቸው፤ መጀመሪያ የገባ ሰው ያስቀምጣቸው፥ ጋሼ ሳያዩአቸው ግን ማንም ከሥር አይግባ።